የአንደኛው ዲስክ ሟች

መርዶ የሚያረዳ ሰው እንደ ደህና ሹፌር ነው፤ ፍሬን መቼ እንደሚይዝ ማወቅ አለበት። እኔ ደግሞ ስፈጠር ፍሬን የተረሳብኝ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለትሕትና አይደለም። ጅቡቲ መጥታችሁ ካርቲየ 6 የሚባለው ሰፈር ውስጥ ያገኛችሁትን ሐበሻ "በፊልም ለሞተ ሰው ድንኳን ያስተከለው የት ነው የሚኖረው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤቴ በር ድረስ ይሸኛችኋል። ቸር ከሆነ ደግሞ ታሪኩን አጋኖ ይነግራችኋል። እሱ ሳይቀድመኝ ብነግራችሁ ይሻላል።

እትዬ አስካለ እዚሁ ጅቡቲ ተወልደው፣ እዚሁ አግብተው፣ እዚሁ ባላቸውን የቀበሩ ሴት ናቸው። አባታቸው የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ካርቲየ 6 ውስጥ ቆርቆሮ በቆርቆሮ የሆነች ምግብ ቤት አለቻቸው፤ ከወደብ ጭነት ለማንሳት ወረፋ የሚጠብቅ የተሳቢ ሹፌር ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚበላው። እኔም ወደቡ አጠገብ ትራንዚት ቢሮ ውስጥ የምሠራ ወንደላጤ ስለሆንኩ ምሳዬንም፣ ራቴንም፣ ቁጣዬንም የምቀበለው ከእሳቸው ነው። ቁጣው ሳህን ላይ ምግብ ለሚያስተርፍ ሰው የሚሰጥ ነው። በሐምሌ፣ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ በሚመስልበት የጅቡቲ ቀትር፣ የሚንተከተክ ሽሮ "ጨርስ" ተብሎ መቆጣት ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል።

እትዬ አስካለ አልወለዱም። የሞተች እህታቸውን ልጅ ግን ከጡት ጀምሮ አሳድገዋል። መክብብ ይባላል፤ እሳቸው መኩ ይሉታል። ያን ጊዜ ዘፋኙን መኩን የማያውቅ ሰው አልነበረም። በየታክሲው እሱ፣ በየሠርጉ እሱ፣ በየፀጉር ቤቱ ግድግዳ እሱ ነበር። ሳሉ ተቀድቶ ቢወጣ እንኳ ገዢ አያጣም ነበር።

ይህ ልጅ ለዘፈን ብሎ አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውል ነበር። ቀጥሎ በየወሩ ሆነ፤ ቀጥሎ በየዓውደ ዓመቱ። ከዚያ ጭራሽ ተወው። ቁጥሩንም ለወጠና አዲሱን የሚያውቅ ጠፋ። እትዬ አስካለ ግን አንድም ቀን ሲያማርሩ አልሰማሁም። ምግብ ቤቱ ውስጥ የእሱ ዘፈን ሲከፈት ብቻ ማማሰያቸውን ይዘው ቀጥ ይላሉ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ወጡ ያርራል። ሹፌሮቹ ይህን ጠንቅቀው ስለሚያውቁ ሲርባቸው የሌላ ዘፋኝ ነበር የሚከፍቱት።

እንግዲህ አንድ ቀን "መኩ ፊልም ሠራ" የሚል ወሬ ደረሰን። ለመጀመሪያ ጊዜ መሪ ተዋናይ ሆኖ ሠርቶ፣ ከሲኒማ ቤት ወርዶ በቪሲዲ ወጥቷል ተባለ። ርዕሱ አሁን ጠፍቶኛል፤ ብቻ "ፍቅር" የሚል ቃል ነበረበት። ያኔ ያለዚያ ቃል ፊልም ማውጣት ክልክል ሳይሆን አይቀርም። እትዬ አስካለ ወሬውን ሲሰሙ መጀመሪያ የጠየቁት "በፊልምም ያንን ጥቁር መነጽር ያደርጋል?" ብለው ነው። በክሊፕ ያዩት ሁሉ መነጽር ብቻ ሆኖባቸው ነበርና። በፊልምማ ያወልቃል፣ ማልቀስ አለበት አልኳቸው። "እንግዲያስ ዓይኑን ላየው ነው" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ቶሎም አልወጡም።

ዲስኩን ያመጣልን ተካ ነው። ተካ የእትዬ አስካለ ደንበኛ የሆነ የተሳቢ ሹፌር ሲሆን፣ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ የሚፈራው እሳቸውን ነው። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ድረስ ቪሲዲውን በፎጣ ጠቅልሎ፣ እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አመጣና ለእኔ ሰጠኝ። ለምን ለእኔ? መንገድ ላይ የተጫረ ዲስክ ይንተባተባል። እትዬ አስካለ ስንት ዓመት የጠበቁትን ልጅ እየተንተባተበ ማየት የለባቸውም ተባለና፣ ዴክ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ አስቀድሜ እንድሞክረው ተወሰነ። ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ለአጣሪው ይላሉ። እኔ ግን እሾሁን ራሴ ዘርቼ ራሴ ረገጥኩት።

ከቀትር በኋላ ነው። ጅቡቲ ውስጥ የዕለቱ ጫት ከገባ በኋላ እንኳን ሰው ዝንብም ሥራ አይሠራም። ሽርጤን አገልድሜ፣ ቬንቲላተሩን አፍንጫዬ ሥር አስጠግቼ ፊልሙን ከፈትኩት። መኩ ድሃ ነው። ልጅቷ ሀብታም ናት። አባቷ ጢማም ነው፤ ጢማም አባት ደግሞ እንደማይፈቅድ ሕፃንም ያውቃል። ይፋቀራሉ፣ ይለያያሉ፣ ይዘፍናሉ። በመጨረሻ መኩ ዝናብ እየመታው፣ እየዘፈነ፣ ግራና ቀኝ ሳያይ መንገድ ሲሻገር ተሳቢ መኪና ገጨው። ልጅቷ ጮኸች። መኩ "አትርሺኝ" አለና ዓይኑን ከደነ። ዲስኩ አለቀ፤ ወዲያው መብራቱም ጠፋ። የሰፈራችን መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት መምረጥ ያውቅበታል።

ሁለተኛ ዲስክ አልነበረም እንዳትሉኝ፤ ነበረ። ነገር ግን መሪ ተዋናዩ ከሞተ በኋላ የሚቀረው የአባትየው ጸጸት ብቻ ነው ብዬ በፎጣው መልሼ ጠቀለልኩት። ከዚያ ቬንቲላተሩ በቆመበት ሙቀት ውስጥ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንባዬን ጠርጌ ስጨርስ እትዬ አስካለ ትዝ አሉኝ። ደም ብዛት አለባቸው፤ ሐኪሙ ከድንጋጤ ጠብቋቸው ብሎናል። ስንት ዓመት ሳያዩት ቆይተው፣ አሁን ባዩት በሁለተኛው ሰዓት ሊሞትባቸው ነው። ያውም በተሳቢ። ፈራሁ፤ ከልቤ ፈራሁ።

ሰው ሲፈራ አዋቂ ያማክራል። እኔም የእድራችን ሊቀመንበር ወደሆኑት ወደ ጋሽ ደምሴ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ናቸው፤ ባቡሩ ሲደክም የሰዓት አክባሪነታቸውን ወደ ሐዘን አዛወሩት። በዚህ ከተማ የእሳቸውን ያህል መርዶ ያረዳ የለም። አነጋገራቸው እጅግ የለሰለሰ ከመሆኑ የተነሳ ሟቹ ራሱ ቢሰማቸው ይጽናናል ይባላል። ጉዳዩን ዘርዝሬ ነገርኳቸው። ሰሙኝና ጠየቁኝ፦

"ሞተ ነው የምትለኝ?"

"በፊልሙ ውስጥ ነው እኮ፣ ጋሽ ደምሴ።"

"የትም ይሁን። ሞቷል ወይስ አልሞተም?"

"ሞቷል።"

"እንግዲያስ በወጉ ይነገራታል።"

ወጉ ደግሞ የታወቀ ነው። መርዶ በጧት፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ፣ በሽማግሌ ነው የሚነገረው። ነገሩም በአንዴ አይዘረገፍም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞት ነበር" ይባላል፤ ቀጥሎ "ጠንቶበት ነበር"፤ ቀጥሎ "ሐኪሞቹም ለፍተው ነበር"፤ ከዚያ ዋናው ይመጣል። "ፊልም ነው" የሚለውን መጀመሪያ ብንናገረውስ አልኳቸው። በጣም ተቆጡ። መርዶ ከጭራው አይጀመርም፣ ሁሉም በተራው ይደርሳል አሉኝ። እኔም ለአዋቂ ተውኩት።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሽ ደምሴ፣ ዲስኩን ያመጣው ተካ እና እኔ የእትዬ አስካለ በር ላይ ቆምን። ሦስታችንም ነጠላ አዘቅዝቀናል፤ ይህም የጋሽ ደምሴ ትእዛዝ ነው። እትዬ አስካለ መጥረጊያ ይዘው በሩን ከፈቱ። ዓይናቸው ከነጠላ ወደ ነጠላ ሄደና ተካ ላይ ቆመ። ተካ ከአዲስ አበባ መምጣቱን ያውቃሉ። መጥረጊያው ከእጃቸው ወደቀ።

"አስካለ፣ እስቲ አረፍ በይ" አሉ ጋሽ ደምሴ፣ በዚያ በለሰለሰው ድምፅ። "ያው መኩን ትንሽ አሞት ነበር።"

"ፊልም" የሚለው ቃል አምስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር የተመደበው። እኛ ሁለተኛውን አላለፍንም። እትዬ አስካለ "መኩዬን!" ብለው ሲጮኹ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስቆም የሚችል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። መጀመሪያ የደረሰችው ጎረቤታችን ሐዋ ናት። ሐዋ ሻይ የምትሸጥ ሱማሌ ስትሆን፣ ከእትዬ አስካለ ጋር በሱማልኛም፣ በአማርኛም፣ ሲጣሉ ደግሞ በፈረንሳይኛ ይግባባሉ። "ኢና ሊላሂ" እያለች ገብታ አቀፈቻቸውና አብራ አለቀሰች። ከእሷ ኋላ ሰፈሩ ገባ። የእድራችን ልጆች ድንኳን በመትከል ፍጥነት የሚታሙ አይደሉም፤ እኔ አፌን ከፍቼ እስክዘጋ ምሰሶው ቆሟል። ምሰሶውን አንቄ ይዤ "ኧረ ሰው አልሞተም፣ ፊልም ነው" ብዬ ለመንኩ። አንዱ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚለው፣ ቀስ እያለ ይገባሃል አለኝ። ውሃም አመጣልኝ።

ጋሽ ደምሴስ? ጋሽ ደምሴ የጀመሩትን መርዶ እትዬ አስካለ በጩኸት ስላቋረጡባቸው ትንሽ ተቀይመው ነበር። ሦስተኛውን ዓረፍተ ነገር ለመናገር ሁለቴ ሞከሩ፤ የሚሰማቸው ጠፋ። ድንኳኑ ሲቆም ግን ሌላ ሰው ሆኑ። ወንበር ያስደረድራሉ፣ ንፍሮ ያስቀቅላሉ፣ ለቅሶ ደራሽ ያስተናግዳሉ። አጠገባቸው ሄጄ እውነቱን እንናገር ስላቸው "አሁን ሥራ ላይ ነኝ" አሉኝ።

ይባስ ብሎ "ተሳቢ ገጨው" የሚለው ነገር ሾልኮ ወጣ። ያወጣሁትም እኔ ነኝ፤ ፊልም መሆኑን ላስረዳ ታሪኩን ከመሐል ጀመርኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ድንኳኑን የሞላው ደግሞ የተሳቢ ሹፌር ነው። ሁሉም ጎኑ ያለውን በጎን ያየው ጀመር። የማን መኪና ነው? ማን ሰሞኑን ከአዲስ አበባ ወረደ? አንዱ ተነስቶ ወጣና ተመልሶ የተካ መኪና የፊት መብራቱ ተሰብሯል አለ። ተካ ፍየል ነው የገጨሁት፣ እዚሁ ጅቡቲ ውስጥ፣ ዲኪል ከተማ አጠገብ ነው፣ ባለቤቱንም ክሼ ነው የመጣሁት ብሎ በታቦት ማለ። ማንም ባያምነውም ማንም አልነካውም፤ ብቻ ወንበሩን ከመሐል አንስተው ጥግ ላይ አኖሩለት። የሞተው ባልሽ፣ የገደለው ወንድምሽ የሚባለው እንዲህ ያለ ሐዘን ነው። ወረፋቸው የደረሰ ሹፌሮችም ዓይናቸውን ጠርገው ጭነታቸውን ይዘው ወደ አገር ቤት ወጡ። ወሬውንም አብረው ጫኑት።

እትዬ አስካለ ይህን ጊዜ ሙሾ ያወርዱ ነበር። እኔ ሙሾ ብዙ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።

አገር ምድሩ ሁሉ ድምፅህን ሲሰማ፣
እኔ ደጅ ደጁን ሳይ ቀረሁኝ ስጠማ።

ይህን ስሰማ ቢገድሉኝም ይግደሉኝ ብዬ በሴቶቹ መሐል አልፌ፣ ፊታቸው በርከክ ብዬ፣ ሁሉንም ከፎጣው ጀምሬ ነገርኳቸው። እትዬ አስካለ ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። በመጥረጊያ ይሉኛል ብዬ አንገቴን ሰበር አደረግሁ።

"ስለዚህ መኩ አልሞተም?" አሉኝ።

"አልሞተም፣ እትዬ። ደህና ነው።"

"ደህና መሆኑን ማን አየ?"

ከእኔ ወደ ድንኳኑ ሰው ዞሩ።

"ከመካከላችሁ ድምፁን የሰማ አለ? በዘፈን አይደለም፤ በደህና ጊዜ፣ እንዴት ዋላችሁ ሲል የሰማ?"

ዞሬ ሰውን አየሁ፤ ሰውም መሬት መሬት አየ። ስንት ዓመት ሙሉ ማንም አልሰማውም። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲያስ እኔ በምን ልወቅ? ድምፁን ሰምቼ ድንኳኑ ይፈርሳል፤ ካልሰማሁ አይፈርስም" አሉ። ጋሽ ደምሴ የእድሩን ደንብ በልባቸው ከለሱና፣ ድንኳን ከሣልስት በፊት ይፍረስ የሚል አንቀጽ እንደሌለ አረጋገጡ። ለቅሶው ቀጠለ። ግማሹ ሰው መኩ እንደሞተ እያመነ፣ ግማሹ እንዳልሞተ እያወቀ፣ ሁሉም እኩል ንፍሮ እየበላ ተቀመጠ።

የቪሲዲው ሽፋን ላይ ስልክ ነበር። ደወልኩ። ያነሳው ሰው ለሠርግ ነው ወይስ ለኮንሰርት አለኝ። ለለቅሶ ነው አልኩት። መኩ ለቅሶ ላይ አይዘፍንም አለኝ። ኧረ ለቅሶው የራሱ ነው፣ አክስቱ ድንኳን ውስጥ ናቸው፣ አንዴ ድምፁን ያሰማቸው ብዬ ለመንኩት። በየቀኑ አንዲት አክስት ትደውላለች፣ ትናንትም ሁለት ነበሩ ብሎ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ የእኔ ብልሃት አለቀ። ብልሃት ነበረኝ ለማለት አይደለም።

ሣልስቱ ዕለት ፀሐይዋ ከረር ስትል አንድ አረንጓዴና ነጭ ታክሲ ድንኳኑ ፊት ቆመ። ጥቁር መነጽር ያደረገ፣ ፀጉሩን የተቀባ ወጣት ወረደ። ድንኳኑን አየ። ሻንጣውን ጣለ። መነጽሩን አውልቆ ወረወረና "እቴቴን! ወይኔ እቴቴን!" እያለ ደረቱን እየደቃ ገባ።

መኩ ነው። እቴቴ የሚለው ደግሞ እትዬ አስካለን ነው።

ሐዋ የያዘችውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ለቃ "ቢስሚላሂ" ብላ በድንኳኑ ሥር ሾልካ ወጣች። ሹፌሮቹ ወንበር እየገለበጡ ተነሱ። ተካ ከጥጉ ሆኖ "አላልኳችሁም?" አለ፤ ያን ጊዜ የሰማው አልነበረም። ጋሽ ደምሴ ብቻ፣ ከረጅም ልማድ የተነሳ፣ ብድግ ብለው ሟቹን ጨበጡትና "እግዜር ያጥናህ" አሉት።

በኋላ ስናጣራ ነገሩ እንዲህ ነበር። ወሬው ድንበሩ ላይ ጋላፊ ሲደርስ መኩ ሞቷል። ሚሌ ላይ አክስቱ በድንጋጤ ወድቀዋል። አዋሽ ሲገባ መኩ ተርፎ አክስቱ ሞተዋል። አዲስ አበባ ደርሶ አንድ ሹፌር መኩ ፀጉሩን ከሚስተካከልበት ቤት ሲያወራው፣ የቀረው "ጅቡቲ አክስቱ ቤት ድንኳን ተተክሏል" የሚል ብቻ ነበር። መኩ የራሱን ደህንነት ስለሚያውቅ እሳቸው ናቸው አለና በመጀመሪያው አውሮፕላን ተሳፈረ።

የመኩን ለቅሶ ሰምተው እትዬ አስካለ ከጓዳ ወጡ። ሐዘን ላይም ሆነው ወጡን ለሰው አላስነኩም፤ ማማሰያ ይዘዋል። መኩ ደረቱን ሊመታ ያነሳው እጁ አየር ላይ ቀረ። እሳቸው ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት። ዓይኑን በተለይ ቆይተው አዩት፤ መነጽር አልነበረውም።

"ከስተሃል" አሉት።

ከዚያ በኋላ ነው አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት። እሱ ደግፎ ይዟቸው ሁለቱም መሬት ላይ ተቀመጡ። አንዱ ለሌላው ያለቀሰውን እንባ ማን ለማን እንደሚመልስ ግራ ገብቷቸው፣ ያለቅሳሉ፣ ይስቃሉ፣ ደግሞ ያለቅሳሉ። እኔም አለቀስኩ። የእኔስ ከደስታም ከፍርሃትም ነው።

ድንኳኑ ካለ ወንበሩ ካለ ተብሎ ፊልሙን እዚያው እንድናየው ተወሰነ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቴሌቪዥኑንም ዴኬንም አወጣን። መኩ ከእትዬ አስካለ እግር ሥር ተቀመጠ። ተሳቢው መኪና ብቅ ሲል ሹፌሮቹ በአንድ ድምፅ ሰሌዳውን ለማንበብ ተንጠራሩ፤ የተካ አልነበረም። ወንበሩን ወዲያው ከጥግ አንስተው መሐል መለሱለት። መኩ "አትርሺኝ" ብሎ ዓይኑን ሲከድን ሁላችንም ወደ እትዬ አስካለ ዞርን፤ ጋሽ ደምሴ ውሃ አዘጋጅተው ነበር። እሳቸው ግን ዓይናቸው ደረቅ ነው። "ይቺን አልቅሻታለሁ፤ ሌላውን አምጡ" አሉ።

ሁለተኛውን ዲስክ ከተትኩት። ሆስፒታል። አልጋ። ፋሻ። መኩ ዓይኑን ገለጠ።

አልሞተም። ለካስ በፊልሙም አልሞተም። ይድናል፣ ያገባል፣ ጢማሙ አባት ጢሙን ተላጭቶ ይመርቃቸዋል። ከዚህ ወዲያ ያለውን ፊልም ግን ያየ የለም፤ ድንኳኑ ሙሉ ሰው የሚያየው እኔን ነው። ጋሽ ደምሴ ውሃውን ራሳቸው ጠጡት። መኩ በትሕትና "ወንድሜ፣ ዘፋኝ ለማየት ከፍሎ የመጣ ሰው ዘፋኙ በመሐል ሲሞትበት ዝም የሚል ይመስልሃል?" አለኝ። ቬንቲላተር በነበረና ከኋላው በተደበቅሁ ብዬ ተመኘሁ።

እትዬ አስካለ በማማሰያቸው ጠቆሙኝ። "አንተ፣ ና ወዲህ።"

ሄድኩ። ሐኪሙ የነገረን የእሳቸውን ደም ብዛት ነበር፤ የእኔ ግን ያን ሰዓት ጣሪያ ነክቷል።

"ያን ዕለት ሁለተኛውን ዲስክ አይተኸው ቢሆን፣ ይሄ ልጅ ዛሬ እዚህ ይቀመጥ ነበር?"

መኩን አየሁት። አንገቱን ደፍቷል። ጆሮው ሲቀላ በስክሪኑ ብርሃን ይታየኛል።

"አይቀመጥም ነበር፣ እትዬ።"

"እንግዲያስ ደግ አደረግህ። ሳህን አምጣ።"

የዚያን ቀን ሽሮ እንኳን ላስተርፍ ሳህኑንም ልበላው ነበር።

መኩ ሲሄድ ያችን ሙሾ ለሚቀጥለው ሥራው እንዲሰጡት ለመናቸው። በእግሩ ለሚሄድ ሰው ሙሾ አይደገምም ብለው ከለከሉት፤ ስልክ ቁጥሩን ግን ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ጧት፣ በዚያው በመርዶ ሰዓት ይደውላል። አንድ ቅዳሜ ብቻ ሳይደውል ረፈደ። እትዬ አስካለ አልተጨነቁም፣ አላለቀሱም። ጭነቱን ጨርሶ ወደ አገር ቤት ሊነሳ የነበረውን ተካን ጠሩትና፣ "መኩን ካገኘኸው ድንኳኑን አውጥቼ አቧራውን እያራገፍኩ ነው በልልኝ" አሉት።

ወሬው ከመኪናው ቀድሞ፣ ተካ ዲኪል ሳይደርስ የእትዬ አስካለ ስልክ ጮኸ፤ መኩ ነው።